ውጤት ላልመጣላቸው ልጆች ከስፖርትና ከውትድርና ምን ልንገራቸው? (ሀዋሳ)

የአቶቴ ሜዳ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ የሰፈር ታዳጊ ቡድን አሰለጥናለሁ። ክፍያ የለውም፣ ከሥራ ስወጣ በፍላጎቴ የማደርገው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ልጆቼ ለአብዛኞቹ ውጤት አልመጣላቸውም። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ድርሽ ብለው አያውቁም። የበረኛዬ እናት ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥተው «ቀን ቀን ስልኩን ታቅፎ ይተኛል፣ ሌሊት ሌሊት አይተኛም፣ የኔን ቃል መስማት ካቆመ ቆየ፣ አንተን ግን ያፍርሃልና እባክህ አንድ ነገር በልልኝ» አሉኝ። የሌሎቹ ወላጆችም እንደዚያው። እኔም እሺ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ሰብስቤ ላናግራቸው ቀጠሮ ይዣለሁ።

ጭንቀቴ ምን ብዬ እንደማናግራቸው ነው። ሰሞኑን ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ያሉትን የማነቃቂያ ንግግሮች ስሰማ ነው የሰነበትኩት። ግማሹ የሯጭ ታሪክ ነው፣ ግማሹ የወታደር። ከኋላ ሙዚቃ፣ ወፈር ያለ ድምፅ፣ «ተነስ! አንበሳ ነህ! ለደካማ ቦታ የለም!»። ልጆቹ ይህን ከእኔ በላይ ሰምተውታል። ሲሰሙት ደማቸው ይሞቃል፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይበርዳል።

ስለዚህ እዚህ ያላችሁ፣ ከጦሩም ከስፖርቱም ያለፋችሁ ሰዎች፣ በእውነት ለኑሮ የጠቀማችሁ ነገር ምን እንደሆነ ንገሩኝ። አንድ የ18 ዓመት ልጅ ነገ ጠዋት ተነስቶ ሊሠራበት የሚችል ነገር ይሁን። «ተስፋ አትቁረጡ» የሚለውን እኔም እችለዋለሁ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦

ልጄ፣ ሐሳብህ ደግ ነው፣ ይባርክህ። እኔ የሰለጠንኩት ብላቴ ነው፣ ከሀዋሳ ሩቅ አይደለም። ዘመኑን ተወው፣ ፖለቲካም አታስነሳኝ። ስለ ስልጠናው ብቻ ልንገርህ።

ሰው ውትድርና ሲባል ሽለላና ፉከራ ይታየዋል። እኛን ግን አስቀድመው ያስተማሩን ስለ እግራችን ነው። ረጅም ጉዞ ከመውጣታችን በፊት የጓድ (የትንሿ የወታደር ቡድን) መሪያችን ተራ በተራ ጫማና ካልሲ ያስወልቀን ነበር። ጎንበስ ብሎ ጣት ለጣት ያያል። ጥፍሩ ያደገ ይቆርጣል። ካልሲው ተረከዙ ላይ የተሸበሸበ አውልቆ እንደገና ያጠልቃል። ክሩ የላላ ያጠብቃል። ልጆች ስለነበርን በውስጣችን እንስቅ ነበር፣ ይሄ ምን ውትድርና ነው፣ ይሄንንማ እናቴም ታደርግልኝ ነበር እያልን። አንድ ቀን ታዲያ ከመካከላችን ጠንካራ የሚባለው ልጅ ጉዞው ሲጋመስ ማነከስ ጀመረ። ጠዋት ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶበት «ቆይ ላራግፍ» ማለት አፍሮ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄደው። ማታ ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ በውሃ እያራስን ነው ያወለቅንለት። ጉልበት አላነሰውም፣ ወኔም አላነሰውም። ጠጠር ነው የገባበት።

ስለዚህ ቅዳሜ ንግግር ከመጀመርህ በፊት እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቀው። አንዱ ሒሳብ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የጠፋበት ይሆናል። አንዱ ቤት ውስጥ ማጥኛ ጥግ የለውም። አንዱ ማታ ማታ የዘመድ ባጃጅ እየነዳ ቤተሰብ ያግዛል። አንዱ ታሞ ነበር፣ ለማንም አልተናገረም። ይህን ሁሉ በአንድ «በርቱ» ልታክመው አትችልም።

ሌላው ነገር፣ የጓድ ሰዓት የሚያዘው የመጨረሻው ሰው ሲገባ ነው። ቀድመህ ብትደርስ ማንም አያጨበጭብልህም፣ «ሌሎቹስ የታሉ?» ነው የምትባለው። ስለዚህ ጠንካራው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የደከመውን ኮዳ ይይዝለታል፣ ሌላው ሻንጣውን ይቀበለዋል፣ እንዲህ እየተከፋፈልን ነው የምንገባው። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቶ 121 ሰው ሞቶበታል፣ 536 ቆስሎበታል፣ አንድም ሰው ግን አልተማረከበትም። ይህንን ሁሉም ሰው በጀግንነት ያወራዋል፣ ጀግንነትም ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚታየኝ የወደቀውን ጥሎ መሄድ ነውር እንደነበር ነው። አንተ ጋ ያለፉ ልጆች አሉ አይደል? እነሱስ የት ናቸው? ከወደቁት ጓደኞቻቸው ጋር ይገናኛሉ ወይስ ይሸሿቸዋል?

ደግሞ ይህችን በደንብ አድምጠኝ፣ ዋናዋ እሷ ናት። ካምፕ ውስጥ ሌሊት 11 ሰዓት ፊሽካ ሲነፋ «ዛሬ ደስ ብሎኛል ወይስ ከፍቶኛል?» ብሎ የሚያስብ የለም። ሁሉም ይነሳል። ከጦሩ ስንወጣ ግን ፊሽካው እዚያው ቀረ። ካምፕ ውስጥ ብረት የነበሩ ጓደኞቼ ወደ ሰላማዊ ኑሮ ተመልሰው እስከ ረፋድ 4 ሰዓት ሲተኙ አይቻለሁ። ለካ ሥርዓቱ የካምፑ ነበር፣ የእነሱ ሆኖ አልወጣም። ቶሎ የተቋቋሙት ጠዋት የሚጠብቃቸው ሰው ያበጁት ናቸው። አንዱ ከወንድሙ ጋር ዳቦ ቤት ገባ፣ እሱ ካልደረሰ ወንድሙ ብቻውን ሊጥ ሲያቦካ ያረፍዳል። ይህን እያወቀ እንዴት ይተኛል? ልጆችህን በወኔያቸው ላይ አትጣላቸው። የሚጠብቃቸው ሰው አብጅላቸው።

የአላሙራ ዳገት፦

ሃምሳ አለቃ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥሩ ነው ያሉት። እኔ በአትሌቲክስ ክልል ድረስ ሮጫለሁ፣ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። አሁን ጠዋት ጠዋት ልጆች ይዤ አላሙራ ተራራ እወጣለሁ። ከስፖርቱ በኩል ያለውን ልጨምር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ።)

ልጆች ስለ አበበ ቢቂላ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቁት፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን። እንደ ተአምር ነው የሚነገራቸው። ጠጋ ብለህ ስታየው ግን ሌላ መልክ አለው። ሰውዬው የክቡር ዘበኛ ወታደር ነው፣ የሚያሰለጥነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። 1960 ሮም ላይ የተገኘው ጫማ እግሩን አልተስማማውም። በባዶ እግር መሮጥን ደግሞ ቀድሞውኑ በልምምድ ያውቀዋል። ስለዚህ የለመደውን መረጠ። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሄዶ ሄዶ፣ መጨረሻው ሲቃረብ፣ ያኔ ሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ ጥሎት ወጣ። ቦታው ቀድሞ ታይቶ የተመረጠ ነበር። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፣ ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከተለው። ለልጆች መነገር ያለበት ይህ ዝግጅቱ ነው ባይ ነኝ። ፈተና ክፍል ውስጥ አዲስ ዘዴ አይሞከርም። መንገዱን ቀድመህ አየው፣ የለመድከውን ይዘህ ግባ።

1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ቢሆነው ነው የሮጠው። እንደገና ወርቅ። ከገባ በኋላ ሳሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ፣ ፊልሙን ያየ ሁሉ ይህን አይረሳውም። የማነቃቂያ ተናጋሪዎቹ እዚህ ጋ ያቆማሉ። እኔ ለልጆቼ የምነግራቸው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። 1968 ሜክሲኮ ላይ ያው አበበ ጉዳት ነበረበትና 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። አዎ፣ አበበ ቢቂላም አቋርጧል። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው፣ እሱም የክቡር ዘበኛ ሰው። በዓመቱ አበበ የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ከሥራ ውጭ ሆኑ። ከዚያም እንግሊዝ አገር ሄዶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የቀስት ውድድር ተወዳደረ። አንድ ሰው አንድ ነገር አቋርጦ ሌላ ነገር መጀመር እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ የት አለ?

ለፈተና ወዳቂ ግን ከሁሉም የሚቀርበው ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር ነው። የአየር ኃይል ሰው ነበር። 1972 ሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፣ የ5,000 ውድድሩ ግን በሰዓቱ ሜዳው ላይ ሳይገኝ ቀርቶ አመለጠው። እሺ፣ ከአራት ዓመት በኋላ አለ። 1976 ሞንትሪያል ሲደርስ የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ የአፍሪካ አገሮች ተቃውመው ኦሎምፒኩን ተዉት፣ ኢትዮጵያም ተወችው። እስቲ አስቡት፣ በሙሉ ጉልበትህ ላይ ሆነህ፣ አንተ ባላጠፋኸው፣ ሌላ አራት ዓመት። ሰውዬው 1980 ሞስኮ ላይ መጣና 10,000ውንም 5,000ውንም ወሰደ። መጨረሻዋ ዙር ላይ ሲፈተለክ ተፎካካሪዎቹ የቆሙ ነበር የሚመስሉት። እኔ የማስበው ግን ስለዚያች ዙር አይደለም። 1977 ላይ አንድ ተራ ማክሰኞ ጠዋት ምን ይዞት ተነሳ? ማንም አያየውም፣ ውድድሩ ሩቅ ነው፣ ዕድሜው እየሄደ ነው። የእኛ ልጆች ያሉት እዚያ ማክሰኞ ላይ ነው።

መልሱ ሃምሳ አለቃ ያሉት ይመስለኛል። እኛ አገር ሯጭ ብቻውን አይሮጥም። ተርታ ይዘን ነው የምንሮጠው፣ ከፊትህ ያለውን ሰው ተረከዝ እያየህ፣ እርምጃህን ከእርምጃው ጋር እያስማማህ። ዳገት ላይ ስትደክም ሐሳብህ ሁሉ ያቺ ተረከዝ እንዳትርቅህ ነው። ፊት የሚመራው ሲደክመው ይቀያየራል። ብቻውን ተደብቆ የሚሰራ ልጅ እንደ ንፉግ ነው የሚታየው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከከባድ ቀን በኋላ ቀላል ቀን አለ። ይህን የማያውቅ ሯጭ ጅማቱ ይቆረጣል። ሌሊቱን ሙሉ በቡናና በጫት አጥንተው ፈተና የገቡ ልጆች አውቃለሁ። እንቅልፍ የልምምዱ ክፍል ነው በላቸው።

መምህርት ነኝ፦

ሁላችሁንም አክብሬ አንብቤያለሁ፣ ሃምሳ አለቃም ጠጠሩን በተመለከተ ያሉት ልቤን ነክቶታል። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያንገበግበኛል።

በ2014 እና በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ናቸው። ከመቶ ልጅ 97 ሲወድቅ «ወኔ አነሳችሁ» ይባላል? አንድ አገር ሙሉ ሰነፍ ልጅ ወለደ እንዴ? እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው። 12ኛ ክፍል ደርሶ ክፍልፋይ መደመር የሚያስቸግረው ልጅ በየዓመቱ ይመጣልኛል። ያ ልጅ ክፍልፋይ የሚማርበት ዓመት ላይ ምን ሆኖ ነበር? የኮቪድ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። መጽሐፍ ለሦስት ለአራት የደረሳቸው አሉ። መምህር በዓመቱ አጋማሽ ሲቀየርባቸው የኖሩ አሉ። በዚህ ላይ የሯጭና የወታደር ታሪክ ስታነብለት የሚሰማው «ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለው ነው። ቤት ዘግቶ የተኛው እኮ ይህን ስላመነ ነው።

ወንድሜ የአቶቴው፣ ቅዳሜ ሰልፍ አስይዘህ እንዳትጮህባቸው። የሆነውን ነገር ቁጥሩን ጨምረህ በግልጽ ንገራቸው። ከዚያ የእነሱ ድርሻ የቱ ጋ እንደሚጀምር አሳያቸው። ድርሻ የላቸውም አላልኩም፣ ስልክ ላይ ያለቀው ጊዜ የማንም አይደለም፣ የራሳቸው ነው። ግን ከድርሻቸው በላይ አታሸክማቸው።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦

መምህርት፣ እግዜር ይስጥዎት። ይህን መናገርዎ ትክክል ነው፣ ከጦሩም ጋር አይጣላም።

ተኩስ ልምምድ ላይ አንድ ሰው ኢላማ ከሳተ ሰውዬው ይታያል። አተነፋፈሱ፣ አያያዙ፣ ቃታ አሳሳቡ። ጓዱ በሙሉ ከሳተ ግን ሰዎቹን ማንም አይቆጣም። ጠመንጃዎቹ ይፈተሻሉ፣ ማነጣጠሪያቸው ይስተካከላል፣ ከዚያ አሰልጣኙ ይጠራና «ምንድን ነው ያስተማርካቸው?» ይባላል። መቶው (ከጓድ በላይ ያለው የጦር ክፍል) ሲወድቅ የመቶው መሪ ነው ለጥያቄ የሚቆመው። ሰዎቹ ደግሞ ሌላ ጥይት ተሰጥቷቸው እንደገና ይተኩሳሉ። ሁለቱም ይደረጋል። የበላዩ ይጠየቃል፣ ወታደሩም ልምምዱን አያቆምም። የበላዩ እስኪጠየቅ ድረስ ተኝቼ እጠብቃለሁ ካለ ግን የሚጎዳው ራሱ ነው፣ ምክንያቱም ግዳጁ ቀኑን አይቀይርለትም።

ቁጣን በተመለከተም ልናገር። ጥሩ የጓድ መሪ ጮሆ አይቼ አላውቅም። የሚጮኸው ሥራውን የማያውቀው ነው።

ተጠባባቂ ወንበር፦

እኔ ሴቶች እግር ኳስ ተጫውቻለሁ፣ የትኛው ክለብ እንደሆነ ይቅር። አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ተጠባባቂ ሆኜ ነው፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር «ተነሺ አሟሙቂ» ትባያለሽ። ከመስመሩ ውጭ ወዲያ ወዲህ ትሮጫለሽ፣ ጉልበትሽን እያነሳሽ፣ ዓይንሽ አሰልጣኙ ላይ ነው። 60ኛው ደቂቃ ሌላዋ ትገባለች። 75ኛውም እንደዚያው። ላብሽ ይደርቃል፣ እንደገና ታሟሙቂያለሽ። ፊሽካው ይነፋና ጨዋታው የሚያልቀው ማሊያሽ ንጹሕ እንደሆነ ነው። በማግሥቱ ደግሞ ልምምድ አለ፣ ያውም ከተጫወቱት በላይ ለአንቺ፣ ምክንያቱም እነሱ ያርፋሉ። ይሄ ሕይወት ነው። የሚያሸንፍ ሰው ታሪክ ብቻ የሚሰማ ልጅ ይህን ሲያገኘው የተረገመ ይመስለዋል። ስፖርት ውስጥ ግን አብዛኛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ይህንን ነው።

ደራርቱ ቱሉን ንገሯቸው ብዬ እለምናለሁ። 1992 ባርሴሎና ወርቅ፣ 1996 አትላንታ አራተኛ፣ 2000 ሲድኒ ወርቅ፣ 2004 አቴንስ ነሐስ፣ 2009 ኒውዮርክ ማራቶን አንደኛ። አትላንታን እዩልኝ። አራተኛ ማለት ሜዳሊያ የለም፣ መድረክ የለም፣ ስምሽ በዜናው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ወለደች፣ ከዚያ ሲድኒ ሄዳ እንደገና ወርቅ። ሲድኒ ላይ ስናለቅስ የነበርን ሁሉ ያቺን አራተኛነት ረስተናት ነበር።

የአቶቴው፣ ሌላም ልጠይቅህ። ቡድንህ ውስጥ ሴቶች የሉም? የወደቁት ሴት ልጆችም እኮ ቤት ነው የተቀመጡት፣ ወንዶቹ ቢያንስ ስልክ ይዘው ይተኛሉ፣ እነሱ እንጀራ እየጋገሩና ልብስ እያጠቡ ነው፣ ለማንበብ ሰዓትም አላገኙ።

ሬሚዲያል ያለፍኩ፦

እኔ ራሴ ከወደቁት ነኝ። ሬሚዲያል (ማለፊያ ያላመጡ የሚገቡበት የማካካሻ ትምህርት) ገብቼ አልፌ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። አጠር አድርጌ ልናገር።

«የወደቃችሁ ኑ» ተብዬ ብጠራ አልሄድም ነበር። ቃሉ ራሱ ያስጠላል። ማንም ምክር ሲሰጠኝ አልወድም ነበር፣ አባቴ፣ አጎቴ፣ የቤተክርስቲያን ሰዎች፣ ሁሉም ያው ነገር ነው የሚሉት። የጠቀመኝ የክፍሌ ልጅ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በር አንኳኩቶ «ፍቅር ሐይቅ ድረስ በእግር እንሂድ» አለኝ። ስለ ፈተና አንድ ቃል አልተናገረም። በማግሥቱም መጣ። እየዋለ ሲያድር እኔው ራሴ አነሳሁት። ከዚያ በኋላ ነው ማጥናት የጀመርነው። ስለዚህ አሰልጣኝ፣ እባክህ ንግግሩን ተወውና ለጨዋታ ጥራቸው። ያለፉትንም ያላለፉትንም አንድ ላይ።

የአቶቴ ሜዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ማታ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት።

የቅዳሜውን ንግግር ሰርዤዋለሁ። «ቅዳሜ ጨዋታ አለ፣ ሰው ጎድሎናል» ብቻ ነው ያልኳቸው፣ ብዙዎቹ እሺ ብለዋል። ከጨዋታው በኋላ ሻይ ዳቦ እየበላን ሁለት ሁለት አጣምራቸዋለሁ። ከየጥንዱ አንዱ ጠዋት 12 ሰዓት የሌላውን በር ያንኳኳል፣ በሳምንቱ ይቀያየራሉ፣ ታቦር ተራራ ስር ደርሰው ይመለሳሉ። ያለፉት ሁለቱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ እስኪጠሩ ድረስ አብረው እንዲወጡ ነግሬያቸዋለሁ፣ አንደኛው ደስ ብሎት ነው የተቀበለኝ፣ ሁለተኛው ትንሽ አቅማማ፣ ይመጣል ግን። እያንዳንዱን ለብቻ የማናግረው ከልምምድ በኋላ መንገድ ላይ እየሄድን ይሆናል፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሆነ ይዘጋሉ። የአላሙራው ወንድሜ፣ ያቺን የምሩጽ ማክሰኞ ግን እነግራቸዋለሁ፣ እሷን አልተውም። መምህርት፣ የ97ቱን ቁጥርም እንደዚሁ።

እህቴ ተጠባባቂ፣ ልክ ነሽ፣ ሴቶች የሉንም። ከልጆቼ የሦስቱ እህቶች አብረው ተፈትነው አልመጣላቸውም። ወላጆቻቸው ጋ ሄጄ መጠየቅ እፈልጋለሁ፣ ግን ወንድ ሆኜ ብቻዬን ብሄድ ጥሩ አይመስልም። አብረሽኝ ብትሄጂ?

አሁን የቀረኝ ትምህርቱ ነው። ሩጫና ጨዋታ ከአልጋ ያስነሳቸዋል፣ ክፍልፋይ ግን አያስተምራቸውም። እኔ ደግሞ ሒሳብ ላይ አልረባም።

ተጠባባቂ ወንበር፦

እሄዳለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይሻላል፣ እናቶቹ ቤት ይገኛሉ። አድራሻውን በውስጥ ላክልኝ። ስንሄድ ስለ ኳስ አናንሳ፣ በቀን ሁለት ሰዓት የጥናት ጊዜ ብቻ እንጠይቅላቸው። ኳሱ ይደርሳል።

መምህርት ነኝ፦

ሒሳቡን ለእኔ ተወው። ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። ክፍያ አልፈልግም፣ ቦታ ግን ፈልግልኝ፣ ጥቁር ሰሌዳና አግዳሚ ካለ ይበቃል፣ የቀበሌውን አዳራሽ ጠይቅ። የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ እንዳያመጡ። የ7ኛ፣ የ8ኛና የ9ኛ ሒሳብ መጽሐፍ ከታናናሾቻቸው ተውሰው ይምጡ፣ ከዚያ ነው የምንጀምረው። የመጀመሪያው ቀን አጭር መለማመጃ እሰጣቸዋለሁ፣ ውጤቱን ከእኔና ከልጁ በቀር ማንም አያየውም። አንተም ብትሆን አታይም። የት ጋ እንደጠፋባቸው ካወቅሁ በኋላ እንደየደረጃቸው እከፋፍላቸዋለሁ። ስንት ይሆናሉ? ከ20 ከበለጡ ሌላ መምህር ጓደኛዬን አስከትላለሁ።